ስለ ዳሌ መጋጠሚያ ሕክምናና ስለ ቍስሉ ማነስ

ሰው ቆሞ የሚሄድ ፍጥረት እንደ መሆኑ መጠን ከአካላቱ መካከል ብዙ ሸክም የሚያርፍበት ዳሌው ነው። ገበሬው ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ሲወጣና ሲወርድ፤ መሪጌታው መቋሚያቸውን ተደግፈው በማኅሌት ሲያድሩ፤ ሼኹ በሶላት ሲሰግዱ፤ እናት እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ክብደቱን የሚችለው ይኸው መጋጠሚያ ነው። ያዕቆብ ሌሊቱን ሲታገል አድሮ ሹልዳው በመነካቱ እያነከሰ መሄዱን በኦሪት የሚያነቡ ሊቃውንት ስለዚህ አካል ጥቅም ብዙ ማስረጃ አይፈልጉም።

ይልቁንም በወሎ ምድር ነገሩ ይከብዳል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ከሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በታች ናት፤ በዙሪያቸው ያለው ቀበሌ አብዛኛው ወይ ዳገት ወይ ቍልቍለት ነው። በዚህ አገር ዳሌው የታመመ ሰው ከገበያም፤ ከቤተ ክርስቲያንም፤ ከመስጊድም ተለይቶ በገዛ ቤቱ እንደ ታሰረ ይቈጠራል።

የጭን ዐጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ ጽዋ በሚመስል የዳሌ ጕድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱም ለስላሳ ሽፋን ስለ ለበሱ ያለ ችግር ይዞራሉ። ሽፋኑ በዕድሜ ወይም በሕመም ሲያልቅ ግን ዐጥንት ከዐጥንት ጋራ ይፋተጋል። የጭኑ ዐጥንት አንገት በመውደቅ ወይም በመኪና አደጋ ሲሰበር ደግሞ ወደ ራሱ የሚሄደው ደም ሊቋረጥና የዐጥንቱ ራስ ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ ቅባትም መታሸትም አይመልሰውም፤ የቀረው መንገድ የተበላሸውን አውጥቶ በሰው እጅ የተሠራ መጋጠሚያ መተካት ነው።

ይህን ሥራ ለዓለም ያስፋፋው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ነው። አስቀድሞ ጽዋውን ቴፍሎን ከሚባል ነገር ሠርቶት ነበርና ቶሎ እየተበላ ብዙ በሽተኞችን ዳግመኛ ለመቅደድ ተገደደ። ጥፋቱን ሳይሸሽግ ሌላ ፈለገ፤ በ1955 ዓ.ም. በራይቲንግተን ሆስፒታል የብረት ራስና ፖሊኤቲሊን ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ጽዋ በሲሚንቶ አጣብቆ ተከለ፤ ዛሬም የሚሠራበት መሠረቱ ይኸው ነው። በ2011 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት እንደሚያስረዳው ከ100 የዳሌ ተከላዎች 58 ያህሉ 25 ዓመት ይቈያሉ።

አሁን ደግሞ ብዙ የሚነገርለት ቍስሉን የሚያሳንሰው አዲስ መንገድ ነው። አዲስ ተባለ እንጂ ሥሩ የቈየ ነው፤ በፊት በኩል ጡንቻ ሳይቈርጡ በጡንቻና በጡንቻ መካከል ገብቶ መሥራትን ፈረንሳዊው ሮቤር ጁዴ በ1940ዎቹ ዓመታት፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፤ ሠርቶበታል። ዛሬ ቍስሉን ከ10 ሳንቲ ሜትር ሳያስበልጡ የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ። ጠባሳው ያንሳል፤ ጡንቻው ካልተቈረጠም በሽተኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ቀለል ብሎት ይራመዳል። ሆኖም ዓመት ሲሞላው ከሌላው መንገድ ጋራ ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። በ1997 ዓ.ም. የታተመ የቤልፋስት ሐኪሞች ምርመራ 219 በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን እስከ 10፤ ለሌላው 16 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቍስል ቢያደርግ፤ የቍስሉ ማጠር ብቻውን ቶሎ አላስኬደም።

እንግዲህ ቶሎ የሚያስነሣው ምንድን ነው? ለዚህ መልስ ከሰጡት አንዱ የዴንማርኩ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት ናቸው። ሕመሙን በልዩ ልዩ መድኃኒት አስታግሶ፤ በሽተኛውን አስቀድሞ አስተምሮ፤ ቀዶ ሕክምናው በተፈጸመበት ቀን ወይም በማግስቱ አቁሞ ማስኬድ ነው። ትልቁ ምስጢር ይህ ሆኖ ሳለ ስለ ጠባሳው ማነስ ብዙ መነገሩ ያስገርመናል። የመጋጠሚያው ዕቃ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ በሽተኛን በማግስቱ ማቆም ግን የሠለጠነ ባለሙያና አንድ ጥንድ ምርኵዝ እንጂ ሌላ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ስለዚህ የደሴ ሆስፒታል ለማንኛውም የጭን ስብራት ሕክምና ሊጠቀምበት ይችላል። ይህ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ዕቃው ተዘርፎና ተሰባብሮ እንደ ገና የተቋቋመ ስለ ሆነ፤ ዕቃ የማይሻ ጥበብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ነገር ግን ሕክምናው የሚጠቅመው በጊዜው ለደረሰ ነው። ዳሌው ከቦታው የወለቀ ሰው በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተመለሰለት የዐጥንቱ ራስ የመሞቱ አደጋ እየበዛ ይሄዳል። ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ ለሚመጣ ሰው 6 ሰዓት ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ ሹሞቻችን ይረዱታል። ብዙው ሰው ደግሞ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻውን ልንነቅፍ አንወድም፤ ቅርብ ነው፤ ዋጋው ቀላል ነው፤ ሕዝቡም ያምነዋል። ነገር ግን የጭን አንገት በመታሸትና በመጐተት አይጠገንም፤ ከልክ በላይ ጠብቆ የታሰረ እግርም ደም አጥቶ በስብሶ እስከ መቈረጥ ይደርሳል። ወጌሾችን ሰብስቦ፤ ዳሌ ሲሆን እጃችሁን ሳታሳርፉ ወደ ሆስፒታል ላኩ ብሎ ማስተማር ከመከልከል ይሻላል፤ ይህም የወረዳ ሹሞች ሥራ ነው።

ሌላው ችግር ከፍቅር የሚመጣ ነው። ዘመድ ከቀዶ ሕክምና የተነሣውን ሰው ገና ሲንቀሳቀስ ሲያይ ይደነግጣል፤ ተኛ፤ አትነሣ፤ ቍስልህ ይፈነዳል ይለዋል። በሽተኛውም ተኝቶ ሲሰነብት ደሙ በእግሩ ሥር ይረጋል፤ ሳንባው ይታመማል፤ ጀርባው ይቈስላል። የንስሐ አባትና የመስጊድ ሼኽ በሽተኛ ሊጠይቁ ሲመጡ የሚናገሩት ከሐኪም ቃል ይልቅ በቤተ ዘመዱ ዘንድ ይሰማልና፤ ሐኪሙ ካዘዘ ተነሥ፤ ምርኵዝህን ይዘህ ሂድ ቢሉት ትልቅ ርዳታ ነው።

ስለ ስግደትም አንድ ነገር አለ። ከኋላ በኩል የተተከለ መጋጠሚያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ዳሌው እጅግ ሲታጠፍ ሊወልቅ ስለሚችል፤ ሐኪሞች ዝቅ ብሎ መቀመጥንና መንበርከክን ለጊዜው ይከለክላሉ። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ከስግደት ታሳርፋለች፤ በእስልምናም ሕመምተኛ ተቀምጦ እንዲሰግድ ተፈቅዷል። ሆኖም ብዙ ሽማግሎች ይህን ስለማያውቁ ወይም ስለሚያፍሩ ከሆስፒታል በወጡ በሳምንቱ ወለል ላይ ይንበረከካሉ። አባቶች ለእንደዚህ ያለው ሰው ከፍ ያለ ወንበር አስቀርበው፤ እስኪፈቀድልህ በዚህ ላይ ሆነህ ጸልይ ብለው በአንደበታቸው ቢነግሩት ይገባል።