ሳይነገር የሚፈተን ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ በደቡብ ጎንደር ደጋ

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በገሳይና በዙሪያዋ ባሉ የፋርጣ ቀበሌዎች ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ጂኦግራፊውም በዚሁ ቋንቋ ይሰጠዋል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲያጠናቅቅ የሚቀመጥበት አገር አቀፍ ፈተናም የተጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ግን ተማሪው ስሙን፣ አገሩን፣ ሥራውንና ፍላጎቱን በእንግሊዝኛ እንዲናገር የሚጠየቅበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ቋንቋው ይጻፋል፣ ይገለበጣል፣ ይሸመደዳል፣ ይፈተናል፤ አይነገርም። የዚህ ነገር ሥር ረዥም ስለ ሆነ በተማሪው ስንፍና ወይም በመምህሩ ቸልተኝነት ብቻ ሊብራራ አይችልም።

በዚህ ደጋ የእንግሊዝኛ ታሪክ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ይቀድማል። ስዊዘርላንዳዊው ሚስዮናዊ ሳሙኤል ጎባት በ1822 ዓ.ም. ጎንደር የገባው በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር ተልኮ ሲሆን፣ የዚያው ማኅበር ባልደረባ የነበረው ጀርመናዊው ኢሰንበርግ በ1833 ዓ.ም. የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለንደን ላይ አሳትሟል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ደግሞ ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ በምትገኘው ጋፋት ሰፍረው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. ያቀለጡት የእጅ ባለሙያዎች አብዛኞቹ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ ሊቀ መኳስ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቤል በአማርኛ ይኖር የነበረ ሰው ነው፤ ሴት ልጁም ከጋፋት ባለሙያዎች አንዱ የነበረውን ቴዎፊል ዋልድማየርን አግብታለች። በዚያ ዘመን ቋንቋ የተማረው የመጣው እንግዳ ነበር፤ የተማረውም በገበያ፣ በማዕድ፣ በሥራና በጋብቻ ነው። ይህ ዝርዝር የሚጠቀሰው ለታሪክ ጌጥ አይደለም። ቋንቋ በኑሮ ውስጥ ሲነገር ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያዝ የደብረ ታቦር አካባቢ ራሱ ያየው በመሆኑ ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃ ዘመናዊው ትምህርት ሲጀመር ሚዛኑ ወደ ፈረንሳይኛ ያደላ ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክና በኋላም በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ሰፊ ቦታ ነበረው። እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋነቱን ቦታ የያዘው ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከአገር ከወጣና የእንግሊዝ ተጽዕኖ ከበረታ በኋላ ነው። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ትምህርቱን በእንግሊዝኛ በመጀመሩ ነገሩ ጸና፤ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያስገባው በር እንግሊዝኛ ከሆነ በታች ያሉት ክፍሎች ሁሉ ወደዚያ በር ማምራት ግድ ሆነባቸው። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ የተሰማሩት የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ መምህራን ለዚያ ትውልድ አንድ ትልቅ ነገር ሰጥተውታል፦ ተማሪው ቋንቋውን ከአፍ ይሰማ ነበር፤ ለመረዳትም ለመግባባትም ከእንግሊዝኛ ሌላ መንገድ ስላልነበረው በግዱ ይመልስ ነበር።

ትምህርት ቤት በየገጠሩ ሲስፋፋ ያ ዕድል ቀረ። ይህ መስፋፋትን ለመውቀስ የሚነገር አይደለም፤ የገሳይ ገበሬ ልጅ ትምህርት ቤት ደጁ ላይ ማግኘቱ ትልቅ ድል ነው። ይሁን እንጂ የመምህሩ የቋንቋ ዝግጅት ከመስፋፋቱ ጋር እኩል አልሄደም፤ በ1978 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ትምህርት ቤቶች የመረመረው እንግሊዛዊው ጆን ስቶዳርት እንግሊዝኛ ትምህርትን ከማስተላለፍ ይልቅ የሚያግድ እየሆነ መምጣቱን በሪፖርቱ አስፍሯል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ደነገገ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምርበት፣ በመምህራን ዘንድ ሰልፍ ኮንቴይንድ የሚባለው አሠራር በመዘርጋቱ፣ እንግሊዝኛን ለልጁ የሚያስጀምረው ሰው ቋንቋውን ለማስተማር ለብቻው ያልተዘጋጀ መምህር ሆነ። የሕፃናቱ ጆሮ ለአዲስ ድምፅ ክፍት በሆነበት ዕድሜ የሚሰሙት እንግሊዝኛ ራሱ መምህሩ በጽሑፍ ብቻ የተማረው ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሳተላይት የመጣው፣ ሁሉም ፕላዝማ የሚለው የቴሌቪዥን ትምህርትም ችግሩን በሌላ መልኩ አባባሰው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይተላለፍ የነበረው ትምህርት ተማሪው ቢገባውም ባይገባውም ይሮጥ ነበር፣ ለመምህሩ የሚቀሩት የመግቢያና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ፣ መብራት ሲጠፋም ክፍለ ጊዜው አብሮ ይጠፋ ነበር።

በአንድ መደበኛ ክፍለ ጊዜ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። መምህሩ ሲገባ ክፍሉ በአንድነት ተነሥቶ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ይላል፤ መምህሩ «ሀው አር ዩ» ሲል «ዊ አር ፋይን፣ ታንክ ዩ» የሚለው መልስ በዜማ ይከተላል፤ «ሲት ዳውን» ይባላል። የዕለቱ ንግግር በአብዛኛው በዚህ ያበቃል። ከዚያ በኋላ በሰሌዳው ላይ የኃላፊ ጊዜ ግሥ ሕግ ይጻፋል፣ ማብራሪያው በአማርኛ ይሰጣል፣ ተማሪው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፣ ባዶ ቦታ የመሙላት መልመጃ ይሠራል። ይህ ተማሪ የግሡን ሕግ ሲጠየቅ በአማርኛ አሳምሮ ያስረዳል፤ ትናንት ምን እንደ ሠራ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ያልተለማመደውን ነው የተጠየቀው።

እንግሊዝኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ጀማሪ የሚከብድባቸው ነጥቦች የታወቁና የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለማነጻጸሪያ የሚረዳው በዓለም ላይ በብዛት እንግሊዝኛ ከሚማሩት አንዱ የሆነው ስፓኝኛ ተናጋሪው ጀማሪ ነው። ስፓኝኛ ተናጋሪው ፊደሉን ከእንግሊዝኛው ጋር ይጋራል፤ ከላቲን የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ቃላትም ከመጀመሪያው ቀን ያግዙታል። የገሳይ ልጅ ገና ፊደል እየቆጠረ ሳለ ሌላ ፊደል ይጨመርበታል፤ አዲሶቹ ሆሄያት ሃያ ስድስት ብቻ መሆናቸው ቀላል ቢያስመስላቸውም፣ የአማርኛ ፊደል እንደ ተጻፈ ሲነበብ የእንግሊዝኛው ግን አንዱን አናባቢ በብዙ ድምፅ ስለሚያነብ የለመደው ሕግ ይፈርስበታል። ያም ሆኖ ሁለቱ ጀማሪዎች የሚገናኙበት ቦታ አለ። በግእዝ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ሺፕ» የሚሆኑትን የመርከብንና የበግን ስያሜ ስፓኝኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም በጆሮው ለመለየት ይቸገራል፤ በ«ስ» ጀምሮ ሌላ ተነባቢ የሚከተለውን ቃል ሁለቱም ከፊቱ አናባቢ ሳይጨምሩ አይሉትም፤ አንዱ ስፖርትን «እስፖርት» ሲል ሌላውም በራሱ አናባቢ ያንኑ ያደርጋል። አንተንና እርስዎን በአንድ ቃል መጥራትም ለሁለቱም እንግዳ ነው፤ በደጋው ሥርዓት ያደገ ልጅ ለቄሱና ለጓደኛው እኩል «ዩ» ማለት ድፍረት ይመስለዋልና ሲናገር ያመነታል።

ከድምፅ ይልቅ የሚጎዳው ግን የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። በአማርኛ ግሥ ከመጨረሻ ይቀመጣል፤ በእንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይመጣል። አማርኛ ሲጠይቅ ድምፁን ከፍ ማድረግ ወይም «ወይ» መጨመር ይበቃዋል፤ እንግሊዝኛ ግን «ዱ» ወይም «ደዝ» የሚባል ረዳት ግሥ ከፊት ያስቀድማል። ጀማሪው «ዩ ጎ ማርኬት?» የሚለው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት በንግግር ልምምድ በጥቂት ወራት የሚታረም ሲሆን፣ በሰሌዳ ላይ በተጻፈ ሕግ ብቻ ግን በዓመታትም አይታረምም፤ ምክንያቱም የሚናገር ሰው ሕግ ለማስታወስ ጊዜ የለውም፣ የለመደው አፉ ብቻ ነው የሚደርስለት።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነገር አለ፤ መነሣትም አለበት። ደቡብ ጎንደር ማንም በቤቱ የማይናገረውን ቋንቋ ለልጆች ማስተማር የሚችል ጥንታዊ ጥበብ ያለው አገር ነው። የድጓ ትምህርት ምስክር የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ሁለቱም በጋይንት ይገኛሉ፤ በአካባቢው የሚያልፈው የአብነት ተማሪ ግእዝን የሚማረው ከእናቱ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው መጀመሪያ ግስ ያገሳል፤ ግስ ማለት ግሦችን ከነትርጉማቸውና ከነእርባታቸው በቃል የሚያስይዘው ትምህርት ነው። ነገር ግን ቃላቱ ሁሉ እስኪያልቁለት አይጠብቅም፤ በጥቂት ቃላት ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና መቍጠር፣ ማለትም በራሱ አስቦ መድረስ ይጀምራል። ቀን ሲያስብ የዋለውን ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይህ ነገራ ይባላል፤ መምህሩ የተሳሳተውን ያርማል፣ የተሳካውን ያጸናል፤ ቀድሞ የገባው ተማሪ ለኋለኛው ያስረዳል። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ እስኪደርስ ያድጋል። ብራና ሳይበዛለት፣ ቁራሽ ለምኖ እየበላ፣ በማያውቀው ቋንቋ ባለቅኔ ይሆናል።

የዚህን ሥርዓት አሠራር በዘመናዊ የቋንቋ ትምህርት ዓይን ያየ ሰው ዛሬ በየሥልጠናው የሚሰበከውን ሁሉ ያገኝበታል፦ በየዕለቱ አዲስ ነገር መናገር፣ በጥቂት ቃል መጀመር፣ ወዲያው መታረም፣ ከጓደኛ መማር። የአጠገባችን ትምህርት ቤት ይህን ትቶ ሰሌዳ ገልብጦ ማስያዝን መምረጡ የሚያሳዝን ነው። በርግጥ ቅኔ ቤት የሚገባው ፈልጎ የመጣ ጥቂት ተማሪ ሲሆን በመንግሥት ትምህርት ቤት በአንድ መምህር ፊት እጅግ ብዙ ልጆች ይቀመጣሉ፤ ቢሆንም ሁለት ሁለት ሆኖ መነጋገርና በየዕለቱ አንዲት የራስ ዓረፍተ ነገር መናገር የክፍል ብዛት የሚከለክለው አይደለም።

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለ፤ ቋንቋ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። የአማራ ክልል ልጆች ላይ ደግሞ ጦርነት ተደርቦባቸዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ሆኖም የፊዚክስ ጥያቄ የቀረበለት ተማሪ ፊዚክሱን ከማወቁ በፊት ጥያቄው የሚለውን ማወቅ እንዳለበት የሚያከራክር አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶ በ1999 ዓ.ም. የቀረበለት በካትሊን ሂው የተመራ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስምንት ዓመት የተማሩት ልጆች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል፤ በአማራ ክልልም ሒሳብና ሳይንስ ከሰባተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ የተሰጡበት ጊዜ ስለ ነበር ጉዳዩ ክልሉን በቀጥታ ይመለከተዋል። እንግሊዝኛን ቀድሞ ማስተማሪያ ማድረግ እንግሊዝኛን አያሳውቅም፤ ሒሳቡንም ያሳጣል።

ስለዚህ ለጀማሪው ሊሰጠው የሚገባው ትንሽና ግልጽ ነገር ነው። አማርኛ ውስጥ አስቀድመው ከገቡት ከሆስፒታል፣ ከባንክ፣ ከፊልም፣ ከፖሊስና ከኮምፒዩተር ይጀመር፤ ልጁ የሚያውቀውን ቃል በእንግሊዝኛው አነጋገር ሲሰማ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ቀጥሎ ሰላምታ፣ ስምና አገር፣ ቁጥርና ዋጋ፣ ሰዓት፣ መንገድ መጠየቅ፣ የቤተሰብና የሰብል ስም ይምጣ፤ የድንች በሽታ መከላከያ ኬሚካል የገዛ ገበሬ ልጁ መጠቅለያው ላይ ያለውን መመሪያ እንዲያነብለት ይፈልጋልና ቃላቱ ከኑሮው ይቀዱ። ከሁሉ በፊት ግን እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይያዝ፦ «አልገባኝም» እና «እባክዎ ይድገሙልኝ»። «አይ ዶንት አንደርስታንድ» ማለት የሚችል ተማሪ መማሩን አያቋርጥም፤ ዝም የሚለው ነው ከመንገድ የሚቀረው። ሰዋስው ከዚህ በኋላ፣ በተነገረው ላይ ተመሥርቶ ይምጣ።

ይህን ለመጀመር አዲስ ፖሊሲ መጠበቅ አያስፈልግም። በደብረ ታቦር የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲም አለ። ሰላም በተገኘበት ቦታ ሁሉ እነዚህ ሁለት ተቋማት ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተነጋግረው የገሳይን፣ የክምር ድንጋይንና የነፋስ መውጫን የአንደኛ ደረጃ መምህራን በክረምት ሰብስበው ስለ እንግሊዝኛ ሳይሆን በእንግሊዝኛ እንዲነጋገሩ ሊያደርጓቸው ይገባል። መምህሩ ያልተናገረውን ልጁ አይናገርም፤ ወላጆችም የልጃቸውን ደብተር ሲያገላብጡ «ስንት ገጽ ጻፍህ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ምን አልህ?» ብለው ይጠይቁ።