የአርማታ ስሌትና ኮምፒዩተር

አርማታ ሲሚንቶ፤ አሸዋና ጠጠር ተቦክቶ በውስጡ ፌሮ የገባበት መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ፌሮው ለምን እንደ ገባ ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን «እንዲጠነክር ነዋ!» ብለን እናልፋለን። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቶን ሲጫኑት ብርቱ፤ ሲስቡት ግን ደካማ ነው፤ ስበትን የሚችለው ጭነትን ከሚችለው ዐሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነው። አንባቢ ረዘም ያለ ላጲስ ወስዶ በጎኑ ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች ያስምርና ሁለቱን ጫፎች ይዞ መካከሉን ወደ ታች ያጉብጠው። መስመሮቹ ከላይ ሲቀራረቡ ከታች ሲራራቁ ያያል። በሁለት ምሰሶ ላይ የተጋደመ ቢምም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ፌሮ ከታች ይተኛል።

ስንት ፌሮ? ርዝመቱ 5 ሜትር በሆነ ቢም ላይ በየሜትሩ 20 ኪሎ ኒውተን ቢያርፍ፤ 20ን በርዝመቱ ካሬ አብዝቶ ለ8 ማካፈል ነው። የማጉበጫው ኀይል 62.5 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይሆናል። የቢሙ ቁመት 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ባለ 14 ሚሊ ሜትር ሦስት ፌሮዎች ይበቁታል። ይህን በእጄ ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በአንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ግን ቢሙ ብዙ ነው፤ አንዱም ሲጎብጥ ጎረቤቱን ይዞ ስለሚጎብጥ ሁሉም ባንድነት መሰላት አለበት። በሺህ የሚቆጠሩትን እኩልዮሾች ኮምፒዩተር በጥቂት ጊዜ ይፈታቸዋል። ባገራችን ያሉ መሐንዲሶችም ኢታብስን በመሰሉ ፕሮግራሞች የሚገለገሉት ስለዚህ ነው።

እኔም በወንድሜ ላፕቶፕ፤ በኤክሴል አንድ የስሌት ሠንጠረዥ አዘጋጀሁና 1.5 ሜትር ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ አስልቼ፤ ሥዕሉን ፌራዮ ለሆነው አጎቴ በኩራት አሳየሁት። ጥቂት ተመለከተና፤

«ይህ በረንዳ በወዲያኛው ጫፍ ምን ይዞታል?» አለኝ።

«ምንም፤ ጋሼ።»

«ታዲያ ፌሮውን ከታች ማን አስተኛው?»

«ኮምፒዩተሩ ነው» አልሁት። ሳቀብኝ።

ሠንጠረዡን ያዘጋጀሁት ለሁለት ምሰሶ ነበር። በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ በረንዳ ግን የሚሳበው በላይኛው ገጹ ነው፤ ማካፈያውም 8 መሆኑ ቀርቶ 2 ስለሚሆን የማጉበጫው ኀይል አራት እጥፍ ነው። ማባዛቱና ማካፈሉ አንድም ስሕተት አልነበረበትም። እንደዚያው ተሠርቶ ቢሆን ግን ሰው በተሰበሰበበት ቀን በድንገት ሊደረመስ ይችል ነበር።

የእኔ ስሕተት በወረቀት ቀረ፤ የታላላቅ መሐንዲሶች ስሕተት ግን ባሕር ውስጥ የሰጠመበት ጊዜ አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነሐሴ 23 ቀን 1991 ዓ.ም. ስላይፕነር ኤ የተባለው የጋዝ ማውጫ መድረክ የቤቶን መሠረቱ በኖርዌይ፤ በስታቫንገር ከተማ አጠገብ እየተፈተነ ሳለ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰጠመ። ደግነቱ ሰው አልሞተም። ሲመረመር፤ ግድግዳው በኮምፒዩተር የተሰላው በጣም ሰፋፊ በሆኑ ቁራጮች ተከፋፍሎ ኖሯል፤ በዚህም ምክንያት ግድግዳውን የሚቆርጠው ኀይል 47 በመቶ ያህል አንሶ ተገምቷል። የፌሮውም አገባብ ጉድለት ነበረበት። በኋላ በጥንቃቄ ቢሰላ በ62 ሜትር ጥልቀት እንደሚሰበር ተገኘ፤ በእውነቱ የተሰበረው በ65 ሜትር ነው። እኔን የገረመኝ ይህ ነው፤ ስሌቱ በደንብ ቢጠየቅ ኖሮ አስቀድሞ ይናገር ነበር ማለት ነው።

አሁን በሠንጠረዤ ራስጌ «በስንት ወገን ተይዟል?» የሚል አንድ መስመር ጨምሬአለሁ፤ ሳይሞላም መልስ አይሰጥም። ከዚያም በፊት ጉብጠቱን በእርሳስ እሥላለሁ። አጎቴ ግን እስካሁን ቁጥሮቹን አያይም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ በጣቱ የሚፈልገው ፌሮው ከላይ ነው ከታች የሚለውን ብቻ ነው።