አድራሻው የማይሰበር ጽሑፍ

የምሠራው በአንድ መጽሔት የድረ ገጽ ማኅደር ላይ ነው። አንባቢ የቆየ ጽሑፍ ፈልጎ «404» የሚል ገጽ ሲገጥመው ያንገበግበኛል። ብዙ ጊዜ ጽሑፉ አልጠፋም፤ የተቀየረው አድራሻው ነው።

አንዱ ምክንያት በአድራሻው መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚመጣው ቅጥያ ነው፤ ኤችቲኤምኤል፣ ፒኤችፒ፣ ኤኤስፒ የሚባለው። ኮምፒውተራችን ውስጥ ባለ ፋይል ላይ ቅጥያው ይጠቅማል፤ ፋይሉ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፈት ለዊንዶውስ ይነግረዋል። በድር ላይ ግን የፋይሉን ዓይነት ለብራውዘሩ የሚያሳውቀው ሰርቨሩ አብሮ የሚልከው መግለጫ ነው። ድረ ገጹ የተሠራበት ቴክኖሎጂ ሲለወጥ ቅጥያውም ይለወጣል፣ ሰዎች ያስቀመጡት ሊንክም ይሰበራል። የድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1998 ቅጥያ ከአድራሻ ይውጣ ብሎ የመከረው ለዚህ ነው።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ድረ ገጽ የሚሠራበት ፕሮግራም ዎርድፕረስ አድራሻውን ከርዕሱ ያወጣል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ሲመሰጠር 9 ምልክት ይወስዳል። ለርዕሱ የተፈቀደው ቦታ 200 ምልክት ስለሆነ ቢበዛ 22 ፊደል ላይ ይቆረጣል። በቴሌግራም ሲላክም ማንም የማያነበው የመቶኛ ምልክትና የቁጥር ሰልፍ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ዎርድፕረስ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ በዳታቤዙ የሚሰጠውን መለያ ቁጥር ነው። ርዕሱ ቢታረም፣ ዓምዱ ቢቀየር ቁጥሩ ያው ነው። ቅጥያ ያላቸውን የድሮ አድራሻዎች ደግሞ «301» በሚባለው ቋሚ ማዞሪያ ወደ አዲሱ እንመራቸዋለን፤ የድሮውን ሊንክ የያዘ አንባቢም ከጽሑፉ ይደርሳል።