የአራት መቶ ዓመት ጉዞ በሦስት ሳምንት

በመስከረም 1998 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አፋር ክልል ውስጥ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድር ደጋግማ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ነውጡ ለሦስት ሳምንት ያህል ቀንም ሌሊትም አልበረደም። በደመራ ዕለት፣ መስከረም 16፣ ደግሞ መሬቱ ተቀደደና አመድ ተፋ። በስፍራው የተከፈተው ስንጥቅ ርዝመቱ 500 ሜትር ያህል ነበር።

ትልቁ ነገር ግን በዓይን የሚታየው ስንጥቅ አልነበረም። ተመራማሪዎች ሳተላይት ከነውጡ በፊትና በኋላ ያነሳውን የራዳር ምስል ሲያስተያዩት፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ላይ ግራና ቀኙ መሬት ተራርቆ አገኙት። ልዩነቱ ይበልጥ በሰፋበት ቦታ 8 ሜትር ደርሷል። ክፍተቱን የሞላው ከጥልቁ የመጣ ቅልጥ አለት ነው። መጠኑ ሁለት ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ላይ ሳይወጣ እዚያው ከመሬት በታች ቀርቶ ረግቷል።

በዚያ የአፋር ክፍል መሬቱ የሚራራቀው በአማካይ በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ስሌት 8 ሜትር ለመራራቅ አራት መቶ ዓመት ያስፈልጋል። ታዲያ የአራት መቶ ዓመቱ ጉዞ እንዴት በሦስት ሳምንት አለቀ?

መልሱን ለማግኘት ወደ ምድር ውስጥ መውረድ ያስፈልጋል። የምንረግጠው የመሬት ቅርፊት ከአህጉራት ሥር በአማካይ 35 ኪሎ ሜትር፣ ከውቅያኖስ ወለል ሥር ደግሞ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ከሥሩ እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚወርደው ክፍል ማንትል ይባላል። ቅርፊቱና የማንትሉ ቀዝቃዛና ጠንካራ የላይኛው ክፍል ተጣብቀው፣ ብዙውን ጊዜ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሚወፍር ንጣፍ ይሠራሉ። ይህ ንጣፍ ወጥ ሳይሆን የተከፋፈለ ነው፤ ክፍሎቹም ፕሌቶች ይባላሉ። ሰባት ግዙፍ ፕሌቶችና በርካታ ትንንሾች አሉ።

ብዙ ሰው ፕሌቶች በቀለጠ አለት ባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ይመስለዋል። ነገር ግን ማንትል ከሞላ ጎደል ጠጣር ነው። ጧፍ በድንገት ቢታጠፍ ይሰበራል፤ ሞቅ ባለ ቦታ ለረጅም ጊዜ ቢቀመጥ ግን ሳይቀልጥ ቀስ ብሎ ይጎብጣል። ማንትልም ከፍተኛ ሙቀት ስላለበት፣ በጠጣርነቱ እንዳለ በዓመት በሳንቲ ሜትሮች የሚቆጠር መንገድ ይፈስሳል። በላዩ ያሉት ፕሌቶች የሚንቀሳቀሱትም ለዚህ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ኃይል የሚመጣው ደግሞ ከፕሌቶቹ ከራሳቸው ነው። ያረጀ የውቅያኖስ ወለል ቀዝቅዞ ስለሚከብድ ወደ ማንትሉ ይሰጥማል፤ ሲሰጥምም የቀረውን ፕሌት ከኋላው ይጎትታል።

ፕሌቶች በሚዋሰኑበት ቦታ ሦስት ዓይነት ነገር ይሆናል። አንዳንዶቹ ይጋጫሉ፤ የሕንድ ፕሌት ከእስያ ጋር ተጋጭቶ ሂማሊያን አንሥቷል፤ በጃፓን በኩል ደግሞ የፓስፊክ ፕሌት ከደሴቶቹ ሥር እየገባ ነው። ሌሎቹ፣ እንደ ካሊፎርኒያው ሳን አንድሪያስ፣ ጎን ለጎን ይፋተጋሉ። የቀሩት ይራራቃሉ። የሚራራቁባቸው ድንበሮች አብዛኞቹ በውቅያኖስ ወለል ላይ ስለሆኑ በዓይን ማየት አይቻልም። አፋር ከዚህ የተለየ ነው፤ የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረብ ፕሌቶች በአንድ ቦታ ተገናኝተው በሦስት አቅጣጫ ሲለያዩ በደረቅ መሬት ላይ ይታያል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ፕሌት መሃሉ ላይ ሳያቋርጥ በዝግታ ይጓዛል። ጠርዙ ግን እንደ ልቡ አይላቀቅም፤ አለቱ ተያይዞ ስለሚቆይ ይለጠጣል እንጂ አይከፈትም። በዓመት የሚጨመረው 2 ሳንቲ ሜትር ለዘመናት እንዲህ ይጠራቀማል። የማንትሉ ሞቃት አለት ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከላይ የሚጫነው ክብደት ይቀንሳል፤ ጫናው ሲቀንስ ከፊሉ ይቀልጣል። ቅልጡ ከሥር ተጠራቅሞ፣ የተለጠጠውን አለት ሰንጥቆ ሲገባ የዘመናቱ ውጥረት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። በዳባሁ የሆነው ይህ ነው። ከዚያ በኋላም እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በዚያው መስመር ቅልጥ አለት ተጨማሪ 13 ጊዜ ሰርጎ ገብቷል።

አህጉራት እንደሚንቀሳቀሱ ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር እ.ኤ.አ. በ1912 ሲናገር ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ ዳርቻዎች መገጣጠማቸውንና በሁለቱም የሚገኙትን ተመሳሳይ ቅሪተ አካላት ቢያሳይም፣ የሚገፋቸውን ኃይል ማስረዳት አልቻለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካዊቷ ማሪ ታርፕ የአትላንቲክን ወለል ካርታ ስትሥል፣ በውቅያኖሱ መሃል በሚያልፈው የተራራ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ስምጥ ሸለቆ አገኘች። ቅርጹ የምሥራቅ አፍሪካን ስምጥ ሸለቆ ይመስል ነበር። በውቅያኖሱ ውስጥ የተመዘገቡት የመሬት መንቀጥቀጦችም በዚያው ሸለቆ ላይ ተሰልፈው ተገኙ። የቬገነር ሐሳብ ቀስ በቀስ ተቀባይነት ያገኘው እንዲህ ባሉ ማስረጃዎች ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር በአንድ ታሪክ ይተሳሰራል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጥልቁ የወጣ ሞቃት አለት መሬቱን ቀና አደረገው፤ ላቫ እየፈሰሰ፣ እየረጋና እየተደራረበ የሰሜንን ተራሮች ሠራ። ቀጥሎም ከፍታው ከመሃል ተሰንጥቆ ወረደ፤ ከዝዋይ እስከ ጫሞ ያሉት ሐይቆች የተኙት በዚህ ስምጥ ውስጥ ነው። በዳናኪል ረባዳ መሬቱ ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ወርዷል። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ወደዚያ ገብቶ ስለነበር ውሃው ሲተን ጨው ትቶ ሄደ። ግመል ሲያጓጉዘው የኖረው፣ በገንዘብነትም ያገለገለው አሞሌ ከዚያው ረባዳ የተቆረጠ ነው።

ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ከአፋር ይልቅ ዝግ ይላል፤ የሚሰፋው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንድ የ13 ዓመት ተማሪ ከተወለደ ወዲህ ስድስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ተራርቋል ማለት ነው። እዚህም ቢሆን የተጠራቀመው አንድ ቀን ይለቀቃል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ሰርጎ ሲገባ ለወራት ነውጥ ነበር፤ በየካቲት የደረሰው ትልቁ ነውጥ መጠኑ 6.0 ሆኖ ተመዝግቧል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ።

መሬቱ በዚሁ መስፋቱን ከቀጠለ፣ ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ ባሕር አፋርን ይሞላል። ያንን ማንም በሕይወት ያለ ሰው አያይም። ቀጣዩን ነውጥ ግን ሊያይ ይችላል። ነውጡ በዚህ ቀን ይመጣል ብሎ ቁርጡን የሚናገር ሳይንስ እስካሁን የለም። በየትኛው መስመር እንደሚበረታ ግን ይታወቃል፤ ሀገሪቱም የመሬት መንቀጥቀጥን ታሳቢ ያደረገ የሕንፃ ደንብ አላት። በስምጥ ሸለቆውና በዳርቻው ቤት የሚሠራ ሰው ደንቡን ማክበር ያለበት መሬቱ ጸጥ ባለበት ጊዜ ነው፤ ውጥረቱ እየተጠራቀመ ያለው ያን ጊዜ ነውና።