ፍሬን ሲያዝ መሪው ለምን ይንቀጠቀጣል?

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ አዘዞን አልፎ በጭልጋ አይከል በኩል ወደ ነጋዴ ባህርና ገንዳ ውሃ ይወርዳል። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መተማ ዮሐንስ ሲደረስ ከ1300 ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዷል። ከጋላባት ወዲያ እስከ ገዳሪፍ ያለው አገር ደግሞ የሰሊጥና የማሽላ ሜዳ ስለሆነ ሹፌር ፍሬን የሚነካው ከስንት አንዴ ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ድንበር ተሻጋሪው ምልልስ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ቁልቁለቱ ግን ያው ነው። እንዲህ ያለ መንገድ በመኪና ላይ የሚያመጣው አንድ ሕመም አለ። ሜዳው ላይ በ80 ወይም በ90 ሲነዳ ቆይቶ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይርገፈገፋል፣ ሲለቀቅ ይተዋል።

ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ብይን «ዲስኩ ተጣሟል፣ ይቀየር» የሚል ነው። ይህ ብይን ሳይለካ ከተሰጠ መቀበል የለብንም።

መጀመሪያ ዲስኩ ምን እንደሚሸከም እንይ። ተሳፋሪና ጭነት ሞልቶ ሦስት ቶን የሚመዝን ሚኒባስ 1300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋሱ፣ ጎማውና ሞተሩ ይውጡታል። ሹፌሩ በፎሌ ከወረደ ግን የሞተሩም ድርሻ በፍሬኑ ላይ ይጫናል። እንደ ሃይሉክስና ሃያስ ባሉት መኪኖች ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ስለሆነ አብዛኛው ሙቀት የሚያርፈው በሁለቱ የፊት ዲስኮች ላይ ነው።

የስፖርት መኪና ሠሪዎች ከዚህ ችግር ጋር ብዙ ታግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ የፎርድ ጂቲ 40 ዲስኮች ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ ጫፍ ላይ ፍሬን ሲያዝ እስኪቀሉ ይግሉ ስለነበር፣ ቡድኑ በውድድሩ መሀል ዲስክ በፍጥነት የሚቀየርበትን ዘዴ ይዞ ነበር የቀረበው። በፎርድ የሌ ማን ዘመቻ የሠራው ካሮል ስሚዝ በኋላ እንደጻፈው፣ «ተጣመመ» ተብሎ የመጣለትን ዲስክ ሲመረምር ያገኘው የፍሬን ሸራ ቅሪት በዲስኩ ፊት ላይ ሳይስተካከል መለጠፉን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስኩ የሚቀመጥበት ሞዞ ላይ ዝገት ወይም የደረቀ ጭቃ ካለ፣ ወይም የጎማው ብሎኖች እኩል ካልጠበቁ፣ ዲስኩ ትንሽ አዘንብሎ ይታሰራል። ፍሬን ሳይያዝም እንኳ ጎማው በዞረ ቁጥር የወጣው ጎኑ ሸራውን ይዳስሳል። በሺህ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ አንዱ ቦታ ይሳሳል ወይም ሌላው የሸራ ቅሪት ይሸከማል፤ የዲስኩ ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከዚያ ፍሬን ሲያዝ ወፍራሙ ቦታ ፒስተኑን ይገፋል፣ ስሱ ቦታ ይለቀዋል፤ ግፊቱም ወደ ፔዳሉና ወደ መሪው ይመለሳል። አዲስ ዲስክ ተገጥሞ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በደህና ከተሄደ በኋላ ንዝረቱ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ባለቤቱ «ዕቃው ፎርጂድ ነው» ይላል፤ ጥፋቱ ግን ያልጸዳው ሞዞ ሊሆን ይችላል።

ምርመራው ከመንዳት ይጀምራል። ፍሬን ሳይያዝም በፍጥነት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የጎማ ባላንስ ይታይ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ መሪው ከተንቀጠቀጠ ጥርጣሬው ወደ ፊት ዲስኮች ነው፤ ወንበሩ ከተንቀጠቀጠ ወደ ኋላ ነው። ባዶና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ፣ በዝግታ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ መሳብ የኋላውን ለይቶ ያሳያል።

ቀጥሎ ጎማው ይወልቅና ኩሽኔታው ልቅ አለመሆኑ፣ ፒስተኑ አለመያዙ ይረጋገጣል። ዲስኩ ወርዶ ሞዞው በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፣ ዲስኩም ተመልሶ እኩል ይታሰራል። በዲያል ጌጅ ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ሲለካ፣ ለብዙ መኪኖች የሚፈቀደው ዝንባሌ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በማይክሮሜትር ዙሪያውን በስምንት ቦታ ውፍረቱ ይለካል፤ ልዩነቱ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ እጅ ላይ ሊሰማ ይችላል። ይህን ያህል ልዩነት ዓይን አያየውም። ለዚህ ነው «አየሁት፣ ተጣሟል» የሚል መካኒክ የማያሳምነኝ።

ቶርኖ ቤት ማስላጥ ይረዳል፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ዲስኩ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ከታየ ብረቱ በሙቀት ተለውጦ እዚያ ቦታ ጠጥሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ቢላጥም እብጠቱ ይመለሳል። ዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ማውረድም ክልክል ነው።

የቀረው በሹፌሩ እጅ ነው። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረድ። ፍሬኑን ሳያቋርጥ ከመጎተት ይዞ ይልቀቅ። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ኬላ ላይ ሲቆም ፔዳሉን ረግጦ አይቆይ፤ የጋለው ሸራ ባለበት ቦታ ዲስኩ ላይ ይታተማል። የጋለ ጎማ ላይ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ዲስኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ንዝረት ጊዜ ይሰጣል፤ ባለሙያ ጋ እስኪደረስ በጥንቃቄ ሊነዳ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እየሰመጠ ከሄደ ግን የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ሊሆን ይችላልና፣ ማርሽ ቀንሰው፣ ዳር ይዘው ይቁሙ፤ ፍሬኑ በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ ድረስም አይንቀሳቀሱ።