የሞላ ሰዓት በኤሌክትሮኒክስ ዘመን ስለ ምን ይወደዳል?

በዛሬው ዘመን ሰዓት ስንት እንደ ሆነ ለማወቅ ብቻ የእጅ ሰዓት የሚገዛ ሰው ብዙ አይደለም፤ በኪሱ የያዘው ስልክ ይነግረዋልና። ይሁን እንጂ በሞላ የሚሠራው ሰዓት ከባትሪው ሰዓት ይልቅ ዋጋው የበዛ፣ ትክክለኛነቱም ያነሰ ሆኖ ሳለ ፈላጊ አላጣም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ነገር ምክንያት መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ አሠራሩን መመልከት ይገባል። ሰዓቱ በጐኑ ባለው ቁልፍ ሲሞላ በውስጡ የተጠቀለለው የብረት ሞላ ይጠብቃል። (ሞላ የሚለው ስም ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ሰዓት «መሙላት» ከሚለው ግሣችን ጋር መገጣጠሙ ግን ደስ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው።) ሞላው ሊፈታ ሲታገል ጥርስ ያላቸውን መዘውሮች ይገፋል። የሚያግደው ባይኖር ኃይሉ ሁሉ በአንድ አፍታ ባለቀ ነበር። ስለዚህ በመጨረሻው መዘውር አጠገብ መንሽ የሚመስል ትንሽ ማገጃ ተቀምጦ ጥርሶቹን አንድ በአንድ እያሰረ እየለቀቀ ያሳልፋል። ማገጃውን በልክ የሚያዝዘውም ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ሌላ መዘውር ነው። «ቀጭ ቀጭ» ሲል የምንሰማው ይኸው ማሰርና መልቀቅ ነው፤ በብዙዎቹ የዛሬ ሰዓቶች በሴኮንድ 8 ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት 28,800 ጊዜ ይመታል።

በ1969 መጨረሻ ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በተለመደው ዓይነት የኳርትዙ ድንጋይ በባትሪ ኃይል በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ምርጥ የሞላ ሰዓት በቀን ጥቂት ሴኮንድ ሲሳሳት፣ ርካሹ ኳርትዝ የሚሳሳተው በወር 15 ሴኮንድ ያህል ነው። በስዊስ አገር በ1970 90,000 ያህል የነበሩት የሰዓት ሠራተኞች በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወረዱ።

በዚያ ጊዜ፣ በ1975፣ በሌ ሎክል ከተማ የሚገኘው ዜኒት ፋብሪካ የሞላ ሰዓት መሥራቱን እንዲያቆም አሜሪካውያን ባለቤቶቹ አዘዙ። ሻርል ቬርሞ የሚባል የፋብሪካው ሠራተኛ በ1969 የወጣውን «ኤል ፕሪሜሮ» የተባለውን ሰዓት የሚሠሩበትን መሣሪያና ንድፍ በሥውር ወደ ጣራ ሥር አውጥቶ ሸሸገ፤ እያንዳንዱ የት እንዳለም በደብተር መዘገበ። ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ሥራው እንደገና የተጀመረው በዚሁ ነው።

የሞላ ሰዓት የሚወደደው ሀብትን ለማሳየት ነው የሚሉ አሉ። ይህ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ደመወዝተኛው ቬርሞ ትእዛዝ ጥሶ መሣሪያ የሸሸገበትን ምክንያት አይገልጥም። በእኔ አስተያየት ዋናው ነገር የሞላ ሰዓት ምሥጢሩን የማይደብቅ መሆኑ ነው። ጀርባው ሲከፈት ኃይሉ ከሞላው ተነሥቶ እስከ ጠቋሚው የሚሄድበት መንገድ በዓይን ይታያል። መዘውሩ ቢሰበር፣ የሠራው ፋብሪካ ቢዘጋ እንኳ፣ ዕውቀቱ ያለው ሰው ሌላ ቀርጾ ሊተካው ይችላል። የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ልብ ግን ሲበላሽ በእጅ አይጠገንም፤ ፋብሪካው ሌላ ካልሠራ ሰዓቱ ይጣላል።

ይህም ቢሆን ዘይቱ በየጥቂት ዓመቱ ስለሚደርቅ፣ ፈትቶ አጥቦ የሚገጥም ባለሙያ ከሌለ የሞላ ሰዓትም ይቆማል። ዩኔስኮ በ2020 የስዊስና የፈረንሳይን የሰዓት ሥራ በሰው ልጅ ቅርስነት ሲመዘግብ በመዝገቡ ያገባው ሰዓቶቹን ሳይሆን የሠሪዎቹን የእጅ ሙያ ነው።