“ሐጀ” እና “ረታ”፦ በማስረጃ ስለ መብለጥ የሚናገር ግሥ

በመርካቶ፣ በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ፣ ሐዲስ በዐረብኛ ተነብቦ ወዲያው በአማርኛ ይፈታል። በዚህ ፍቺ “ሐጀ” (“ጀ” ጠብቆ ይነበባል) የተባለው ግሥ “አሸነፈ” ተብሎ ሲያልፍ እንሰማለን። ፍቺው ስሕተት ነው ባንልም ጎደሎ ነው እንላለን።

ግሡ ጎልቶ የሚታየው አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነው። ሙሳ (ዐ.ሰ.) አደምን (ዐ.ሰ.) ከጀነት በመውጣታችን ምክንያት ወቀሷቸው። አደምም ሳይፈጠሩ በፊት በተወሰነ ጉዳይ ስለ ምን እንደሚወቀሱ ጠየቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያንጊዜ አደም ሙሳን “ሐጀ” አሉ። እዚህ ጉልበት የለም፤ ያለው ማስረጃ ነው። በጦር ለመሸነፍ ቁርኣን በአር-ሩም ሱራ መክፈቻ የተጠቀመው “ገለበ” የተባለውን ሌላ ግሥ ነው።

“ሓጀ” ተብሎ ሲረዝም ደግሞ መከራከርን ብቻ ይገልጻል። በአል-በቀራ 258 ንግሥና የተሰጠው ሰው ኢብራሂምን (ዐ.ሰ.) ተከራከረ፤ ነገር ግን መልስ አጥቶ ቀረ እንጂ አልረታም።

ስለዚህ “ሓጀ”ን “ተሟገተ”፣ “ሐጀ”ን “ረታ”፣ “ገለበ”ን “አሸነፈ” ብለን ብንፈታ ልዩነቱ ይጠበቃል። “ረታ” የችሎት ቃል ነው፤ ምንጩም ግእዙ “ረትዐ”፣ ማለትም “ቀና” ነው፤ “ርቱዕ” ከዚያው ይወጣል።

ይሁን እንጂ የረታ ሁሉ ርቱዕ አይደለም። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ነቢዩ በሰሙት መሠረት እንደሚፈርዱ፣ አንደኛው ወገን ማስረጃውን በማቅረብ ይበልጥ አንደበተ ርቱዕ ሊሆን እንደሚችል፣ የወንድሙን ሐቅ በፍርድ የወሰደም የእሳት ቁራጭ እንደወሰደ አስጠነቀቁ። በአቡ ዳውድ ዘገባ ተሟጋቾቹ በውርስ የተጣሉ፣ ማስረጃ የሌላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ይህን ሲሰሙ አለቀሱ፤ እያንዳንዱም ድርሻውን ለባልንጀራው ተወ። ነቢዩም በእውነት እንዲካፈሉ፣ ዕጣ እንዲጣጣሉና ይቅር እንዲባባሉ አዘዙ።

በመርካቶ በሱቅ ውርስና በሽርክና ሒሳብ የተካሰሱ ወንድማማቾች ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ ኢማሙ ማን እንደረታ ከመናገሩ በፊት ይህን ልዩነት ቢያስረዳቸው መልካም ነው። ረቺው ክርክሩን እንጂ የወንድሙን ሐቅ የራሱ አላደረገምና።